ሰላምታ የሰፈረበት ድምፅ

ሀዋሳ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማልረሳህ ለግዛቸው፣
አርባ ምንጭ

እስካሁን ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ። በመጀመሪያው ላይ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ውሸት መሰለኝ። በሁለተኛው «ደህና አይደለሁም» አልኩ፤ እሱም ውሸት ሆነብኝ። እውነቱ ምንም አልሆንኩም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ተነሥቼ ቤተ ንባቡን እከፍታለሁ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። ጥርስ ለመንቀል የማደንዘዣ መርፌ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ጉንጭ እንደሚመስለው፣ እኔም ቀኑ የሌላ ሰው እየመሰለኝ ይመሻል። አያምም። አንተስ እንደምን አለህ? ዐይንህስ እንዴት ነው? ስለ ዐይኔ ከየት ሰማሽ ብትል እደርስበታለሁ። ማርታ አንድም ቀን አልነገረችኝም። እሑድ እሑድ ስትደውልላት «አባዬ ሰላም ብሎሻል» ትለኛለች፣ እኔም «ሰላም በይው» እላታለሁ። ዘጠኝ ዓመት በልጃችን አፍ የተባባልነው ይህንን ብቻ ነው።

የማኅበሩ ማስታወቂያ በዚህ ሳምንት ይደርስሃል። የጻፍኩት እኔው ነኝ። መቀላቀል 98፣ ባለበት መቀጠል 97፣ ዋጋ አልባ 24 ይላል፤ ማኅተም አለበት። ቁጥሩ ትክክል ነው። ለአንተ የምጽፍልህ ማስታወቂያው ያላለውን ነው።

አባል ነህና ጉዳዩን በጥቂቱ ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ። የጡረተኛ መምህራን ማኅበራችን ሦስት ዓመት በተከታታይ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ማን ይመጣል? አንዱ ዲላ ነው፣ አንዱ ሶዶ፣ አንዱ ጂንካ፤ አንዱን ወገቡን ያመዋል፣ አንዱን ጉልበቱን። በዚህ መካከል አዲስ አበባ ያለው ትልቁ ማኅበር «ከእኛ ጋር ተቀላቀሉ፤ ቤታችሁንም አስረክቡን፣ የቅርንጫፍ ቢሮ እናደርገዋለን» ብሎ ጻፈልን። ቤቱን አንተ አላየኸውም። ታቦር ነው፣ ባጃጆቹ ሞተር አጥፍተው የሚወርዱበት ቁልቁለት ላይ። ፊት ለፊቱ ቤተ ንባብ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ጸጥታውን ፈልገው ይመጣሉ። ከኋላው ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለ። እዚያ የምኖረው እኔ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ቤተ ንባቡን እጠብቃለሁ፣ በምትኩ እዚያው አድራለሁ። ከተቀላቀልን የራሳቸው ሠራተኛ ይመጣል፣ እኔ እወጣለሁ። ሌላ ቤት እንደሌለኝ አባሉ ሁሉ ያውቃል።

ሰብሳቢያችን አቶ ወልደአማኑኤል «ሰዎቹ ወደ ጉባኤው ካልመጡ ጉባኤው በፖስታ ወደ ሰዎቹ ይሂድ» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ሥራውን የሚሠራ ኮሚቴ ሲቋቋም ሦስት ሰው ተሰየመ፤ ጂኦግራፊ ያስተምር የነበረው በርናባስ ሊመራው፣ አስማ ልትታዘብ፣ እኔ በጸሐፊነት። «ድምፅ የሚሰጠው እኔ በምኖርበት ቤት ላይ ነው፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አልኩ። በርናባስ ሳቀብኝ።

«ሌላ ማን አለ፣ እህተ? ፖስታ ቤት ሄዶ የሚመለስ ጉልበት የቀረሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ደግሞ ለራስሽ ብለሽ ደንብ የምታፈርሺ ሰው አይደለሽም» አለኝ።

አድራሻ መሰብሰቡ ብቻ ሁለት ወር ፈጀ። እንደምታውቀው በእኛ አገር ፖስተኛ ቤት አያንኳኳም፤ ግማሹ አባል አድራሻው የሰው ሣጥን ነው። አንዱ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ በኩል፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ፣ አንዱ በአማቹ መሥሪያ ቤት ይላል። ያ የእጅ ጽሑፉ የሚያምረው ሮቢ እንኳ «አለታ ወንዶ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ያውቁኛል» ብሎኝ አረፈ። ያንተን አድራሻ ለማግኘት ማርታ ጋ መደወል ነበረብኝ። «ለሥራ ነው» አልኳት። «ገባኝ፣ እማዬ» አለችኝ።

ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ፖስታ ላክን። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት፣ ስም የማይጻፍበት ነጭ ፖስታ፣ የላኪው ስምና ፊርማ የሚያርፍበት ትልቅ ቡኒ ፖስታ ከነቴምብሩ። መመሪያውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ «ከሁለቱ ሣጥኖች በአንዱ ላይ የኤክስ ምልክት ያድርጉ። ወረቀቱን በነጩ ፖስታ ያሽጉ። በወረቀቱ ላይ ስም፣ ፊርማ ወይም ማናቸውም ጽሑፍ የሰፈረበት ድምፅ ዋጋ አልባ ነው» ይላል። አስማ አነበበችና ራሷን ነቀነቀች።

«እህተ፣ ሰው እንዴት ሰላም ሳይል ወረቀት ይልካል? ሰላምታ እኮ የአላህ ነው» አለችኝ።

«ድምፅ ነው እንጂ ደብዳቤ አይደለም» አልኳት።

ለአንተም እንደማንኛውም አባል ላክሁልህ። አባል ቁጥር 88፣ አርባ ምንጭ። እስክርቢቶ አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

አስማ ልክ ነበረች። ገና በሳምንቱ እታፈራሁ ከዲላ ደወለች፤ ባልትና ታስተምር የነበረችውን ታስታውሳታለህ።

«ምን በደልኩሽ?» አለችኝ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም።

«ምን ሆነሻል?»

«ሠላሳ ዓመት ዐውቅሻለሁ። እንደምን አለሽ እንኳ ሳትይኝ፣ ምልክት አድርጊ ብለሽ ወረቀት ትወረውሪብኛለሽ?»

«እታፈራሁ፣ የድምፅ መስጫ ነው፤ ሰላምታ የለውም።»

«የእኔ ይኖረዋል» አለችና ዘጋችው።

ፖስታዎቹ በየካቲት መመለስ ጀመሩ። በየሁለት ቀኑ በባጃጅ ፖስታ ቤት ወርጄ ይዤ እመጣለሁ። ቡኒውን ከፍቼ የአባሉን ቁጥር በመዝገብ ላይ እይዛለሁ፣ ነጩን ሳልከፍት በተቆለፈው የእንጨት ሣጥን ውስጥ እጨምራለሁ። የአንተ የደረሰው የካቲት 26 ነው። «88፣ ደረሰ» ብዬ ጻፍኩ። ነጩ ፖስታህ ሣጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተደባለቀ፣ እኔም ወደ 113 አለፍኩ።

ቆጠራው የተቀጠረበት ቀን የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ላይ ዋለ። በርናባስ «እኔ ጉዱማሌ በዓሉ ላይ ነኝ፤ ያለኔ ከቆጠራችሁ አልፈርምም» ስላለ ለሳምንት ተላለፈ። በሳምንቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በቤተ ንባቡ ትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። እኔ ፖስታውን እከፍታለሁ፣ በርናባስ ያነባል፣ አስማ ትመዘግባለች። አምስተኛው ወረቀት ላይ ሰላምታ ተገኘ። ሰባተኛው ላይም እንዲሁ። አንዱ «በርቱ፣ አምላክ ይርዳችሁ» ብሏል። አንዱ የልጁን ሠርግ ቀን ጽፎ እንዳንቀር አደራ ይላል። አንዲቱ የባሏን ሞት ያረዳችን በዚያው ወረቀት ነው፤ ሥራ አቁመን ነፍስ ይማር አልን። እታፈራሁ ከላይ እስከ ታች ሞልታው ከነአባቷ ስም ፈርማበታለች፤ ምልክቷን ከሰላምታዋ መካከል ፈልጎ ለማግኘት በርናባስ መስኮቱ ጋ መሄድ ነበረበት።

በርናባስ መነጽሩን አወለቀ። «በዚህ አያያዛችን ግማሹን መጣላችን ነው» አለ። ተመካከርንና ተስማማን። ስም ወይም ፊርማ ያለበት ይሻር፤ ሰላምታ ብቻ ከሆነና የማን እንደሆነ ካልታወቀ ይቆጠር። ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍረን ሦስታችንም ፈረምን። «የማን እንደሆነ ካልታወቀ» የምትለዋን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቆይቶ የአንተን ከፈትኩ። ስም የለውም፣ ፊርማ የለውም። ምልክቱ «ባለበት ይቀጥል» ላይ ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤ «እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ግራ ዐይኔን ሞራ ጋርዶታል፣ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትፍረጂብኝ። ቤትሽን አይንኩብሽ።»

እውነትም ተንሻፏልና የእጅ ጽሑፍህን አልለየሁትም። ያወቅሁህ «ዐይን» በምትለዋ ቃል ነው። ሠላሳ ዓመት በአልፋው አ ስትጽፋት ኖረሃል። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝና የአስቤዛ ዝርዝር ላይ ሳይቀር በቀይ አርምህ ነበር። «ዐይን እኮ በራሱ ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ፊደሉ ራሱ ዐይኑ ዐ ነው የሚባለው» ስልህ «ያያል አይደል? በምንም ቢጻፍ ምን ቸገረሽ» ትለኝ ነበር። አሁን ወረቀቱ ላይ በአልፋው ጀምረህ ኖሮ ሰርዘኸዋል፤ ከጎኑ ዐይኑን ዐ ክብ አድርገህ፣ ሁለት ጊዜ እላዩ ላይ ተመላልሰህ ጽፈኸዋል። ከአንተ በቀር እንዲህ የሚታረም ሰው አላውቅም።

«ይህ ይሻር» አልኩ።

በርናባስ ከእጄ ወስዶ ፊትና ጀርባውን አገላበጠው። «ስም የት አለው? ሰላምታ ብቻ ነው፤ ይቆጠራል እንጂ» አለ።

«የማን እንደሆነ ዐውቃለሁ።»

«የማን ነው?»

«ከተናገርኩማ ምሥጢርነቱ ቀረ። ዐውቄዋለሁ፤ በተስማማነው መሠረት ዋጋ አልባ ነው።»

አስማ እስክርቢቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «እህተ፣ ላንቺ የተሰጠ ድምፅ እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ለዚያ ነዋ» አልኳት። መዘገበችው።

ሰባት ሰዓት ላይ ጨረስን። 98 ለ 97። በርናባስ እንደገና አስቆጠረን፤ ያው ነው። ድምፁ እኩል ለእኩል ቢወጣ ሰብሳቢው ያሉበት ወገን ያልፋል ይላል ደንቡ፤ አቶ ወልደአማኑኤል ደግሞ ቤቱ አይሰጥም ያሉት በአደባባይ ነው። ስለዚህ የአንተ አንድ ድምፅ ትበቃኝ ነበር።

በርናባስ «የገዛ ቤቷን በገዛ እጇ፣ ለደንብ ብላ» እያለ ለምሳ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወሰደን። እዚያው ሆኖ ለአቶ ወልደአማኑኤል ደወለላቸው፤ እሳቸውም አገናኘኝ ብለው «እህተማርያም፣ አዝኛለሁ፤ ግን አኮራሽን» አሉኝ። አመሰገንኩ። የተጠበሰ ዓሣ መጣ። አጥንቱን ለየሁ፣ ሎሚ ጨመቅሁበት፣ እስከ ጭራው በላሁ። አስማ ሳህኔን አይታ «ርቦሽ ኖሯል» አለችኝ። አልራበኝም ነበር፤ ምን ምን ይል እንደነበረም አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነኝ። ማርታ በሰማች ጊዜ አለቀሰች። «እማዬ፣ አንቺ ለምን አታለቅሺም?» ትለኛለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እንግዲህ አንጀቴ ጋ አልደረሰ ይሆናል። ፋሲካንም እሷ ጋ ዋልኩ፣ የልጅ ልጆችህን አቅፌ ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶው ላይ ስቄአለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ መጻሕፍቱን በካርቶን ማሸግ ጀመርኩ፣ በየካርቶኑ ላይ ዝርዝር እየለጠፍኩ። አስማ ልታግዘኝ መጣች። ግማሽ ቀን ስንሠራ ቆይተን፣ ገመድ እያሰረች፣ ቀና እንኳ ሳትል ጠየቀችኝ።

«የግዛቸው ነበር፣ አይደል?»

«በምን ዐወቅሽ?»

«ሌላውን ሁሉ እየከፈትሽ ለበርናባስ ታቀብዪው ነበር። ያንን ግን አላቀበልሽውም፤ እሱ ነው ከእጅሽ የወሰደው።» ገመዱን ቋጠረችው። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጻፊለት እንጂ።»

ይኸው እየጻፍኩልህ ነው። ለአስማም ያልነገርኳትን ለአንተ ልንገርህ። ሰው ሁሉ ሐቀኛ ይለኛል፤ ገበያ ውስጥ የማላውቃቸው ጡረተኞች ሳይቀሩ እጄን ይጨብጣሉ። ሐቀኝነት አልነበረም። ከአንተ በፊትም ከአንተ በኋላም የማን እንደሆኑ ያወቅኋቸው ሰላምታዎች ነበሩ። የሮቢን የእጅ ጽሑፍ ማን አይለየውም? ቢያንስ የስድስት ሰው ዐውቄአለሁ፤ ይቀላቀል ያሉም፣ ይቀጥል ያሉም ነበሩባቸው። ዝም አልኩ፣ ሁሉም ተቆጠሩ። ዐወቅሁት ብዬ ያስሻርኩት የአንተን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይኸውልህ። የተቆጠረ ወረቀት ሁሉ በከረጢት ታሽጎ ለኦዲተሩ ይሰጣል፣ ሠላሳ ቀን ቆይቶ ይቃጠላል። ዋጋ አልባው ግን ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ ጸሐፊዋ ዘንድ ይቀመጣል። ወረቀትህን ይዤ ያሰብኩት ይህንን ነው፤ ቤቱን አላሰብኩም። ዘጠኝ ዓመት አንዲት መስመር አልጻፍክልኝም፣ እኔም አልጻፍኩልህም። የመጣችውን አራት መስመር ለእሳት ልሰጣት አልሆነልኝም።

በአንድ ድምፅ እንደሚያልቅ በዚያ ሰዓት አላውቅም ነበር። ዐውቄ ቢሆንስ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠየቅሁ፤ ያንኑ አደርግ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሁለቱን የለያዩ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ላይ አንድ ሆኑ። ዛሬ ጠዋት ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ቅጂውን ከቃለ ጉባኤው ጋር አያያዝኩ፣ ዋናውን አወጣሁ። ዘጠና ሰባት ሰው ቤቱ ይቆይ ብሎ ነበር፤ የበደልኩት እነሱን ነው። ለበርናባስ መናገር እንዳለብኝ ዐውቃለሁ። በፋሲካ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፤ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤም ትናንት አለፈ።

ቤቱን ሰኔ 30 ይረከባሉ። ማርታ «እኔ ጋ ነይ» ትለኛለች። አቶቴ ያለው ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፣ እነሱ አራት ናቸው፤ ክረምቱን እንኳ እንዴት እንደምንገፋው እንጃ። እናትህ ታመው አርባ ምንጭ ስትገባ አብረን እንሂድ ብለኸኝ ነበር። እኔ ተማሪዎቼን፣ ማርታን፣ ያኔ የነበርንበትን የኪራይ ቤት ምክንያት አደረግሁ። የዋሸሁህ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም እውነተኛ ምክንያት ነበር። አሁን ተማሪ የለኝም፣ ማርታም ትዳር ይዛለች፣ በሰኔ ቤትም አይኖረኝም። አንተ ያለህበት ቤት ስንት ክፍል እንደሆነ ማርታ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ዐይንህን አታቆየው። ሲበስል ነው የሚወጣው የሚሉህን አትስማ። በርናባስ ዐምና እዚሁ አስገፍፎ ዛሬ የባጃጅ ታርጋ ከእኔ ቀድሞ ያነባል። ሐኪም ጋ የሚያደርስህ ሰው ከሌለ ንገረኝ።

መድኃኔዓለም የግራውን ያብራልህ፣ የቀኙን ያቆይልህ። ከሰው ደጅ፣ ከክፉ ወሬ ይሰውርህ። እስከምንተያይ ለጉልበትህም ለጉልበቴም ጽናት ይስጥልን።

ዳግመኛ ስትጽፍልኝ በባዶ ወረቀት ጻፍ። ስምህን አስገባበት፣ ፊርማህንም አስፍርበት፣ ያሻህን ያህል አስረዝመው፤ የሚሽርብህ የለም።

ሚስትህ
እህተማርያም